በቀየት ደጋ ቤት መምታት ተማርን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ሲደርስ መጀመሪያ እጁን የሚጨብጠው ብርዱ ነው። እኔና የአሥር ዓመት ልጄ በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ከዚያው ከተማ ተነሥተን ወደ ቀየት ስናመራ፣ ከመኪናው መስኮት ውጪ የሚታየው ሁሉ ገብስና ባቄላ፣ የድንጋይ ካብና ባሕር ዛፍ፣ እንዲሁም ፀጉራቸው የደነደነ የደጋ በጎች ነበሩ። ሰሜን ሸዋ መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን አቅፎ የያዘ የደጋና የገደል አገር ነው። የዚህ አገር ሴት እንዝርት ከእጇ፣ እንጉርጉሮ ከአፏ አይለይም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ፤ የሰማሁትም ከእናቴ ነው።

እናቴ የቀየት ልጅ ነበረች። የተቀበረችውም እዚያው ነው። የሄድነው ለሙት ዓመቷ ነበር።

ውድ እኅቶች፣ ይህን ጽሑፍ ስለ ጉዞው ብቻ ብዬ አልጀመርኩትም። በቀብሯ ዕለት የደረሰብኝን ነገር ሳልናገር ብቀር ቀሪው ትርጉም አይኖረውም። በዚያን ቀን ሙሾ የምታወርደው ሴት የእናቴን ደግነት በግጥም ስታወሳ ቆየችና ወደ እኔ ዘወር ብላ «ልጇስ ምን ትላለች?» አለች። ለቀስተኛው ዝም አለ። እኔ በመሥሪያ ቤቴ በቀን ስንት ደብዳቤ የማረቅቅ፣ በስብሰባ ላይ ቃል የማያጥረኝ ሴት፣ ለወለደችኝ እናቴ አንዲት ስንኝ ማውጣት አቃተኝ። አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም። በስተመጨረሻ የእናቴ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ፣ በእኔ ፈንታ አንሥተው አሉልኝ። ወቀሳ የሰነዘረብኝ ማንም አልነበረም። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ያ ዝምታ በጆሮዬ ሲጮህ ከረመ።

በዚሁ ላይ የልጄ ነገር ተጨመረ። የአማርኛ መምህሯ ስለ ግጥም አስተምረዋት፣ የአንድን ስንኝ ቀለም ቆጥራ እንድትመጣ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ነበር። እሷም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየቆጠረች አንዱ ሐረግ ሲበዛባት፣ ሌላው ሲያንስባት ተናደደችና ደብተሩን ወረወረችው። «እማዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ?» ብላ ብትጠይቀኝ ያው ዝምታ እንደገና መጣ።

አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ተቀበሉን። ጉንጫችንን እየደጋገሙ ከሳሙን በኋላ ከኩበቱ እሳት አጠገብ አስቀምጠው ቆሎና ጠላ አቀረቡ። ከዚያም የጀመሩትን የበግ ፀጉር አንሥተው መፍተላቸውን ቀጠሉ። በመንዝና በአካባቢው ሴቶች ፀጉሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶች ደግሞ በርኖሱን፣ ባናውንና ዝተቱን ይሸምናሉ። እንዝርቱ ሲሾር አፋቸውም አብሮ ያንጎራጉር ነበር። ልጄ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች።

«እትዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ ማለት እፈልጋለሁ። ለነገው ለእናቴ አንድ ነገር ልበል፤ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ይህ ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ትምህርት ግን ነበረው። በዚያ ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ያህል የተደራጀ ትምህርት በየትም ቦታ አላየሁም።

በመጀመሪያ ቃል አትናገሪ አሉኝ። ዜማውን ብቻ፣ አፍ ሳይከፈት፣ በአፍንጫ እንድናንጎራጉር አደረጉን። ልጄ በጉልበቷ ላይ በእጇ እንድትመታ፣ እኔም ትንፋሼ የት ላይ እንደሚያርፍ ልብ እንድል ነገሩኝ። ዜማው ይሄዳል፣ መሐል ላይ ጥቂት ያርፋል፣ እንደገና ይሄድና ይቆማል። «አየሽ» አሉ፣ «መጀመሪያ ቀንበሩን ታዘጋጂያለሽ፤ በሬዎቹ በኋላ ይጠመዳሉ። ግጥም እንደ ጥማድ ነው። አንዱ በሬ ረጅም፣ አንዱ አጭር ከሆነ ቀንበሩ ያጋድላል።»

ሊቃውንቱ ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ ይገልጹታል። አንድ ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ በየሐረጉ ያሉት ቀለማትም በቁጥር እኩል ይሆናሉ። ሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም ሲይዝ፣ ስንኙ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሲሆን፣ የወል ቤት ይባላል። የሕዝብ እንጉርጉሮና የሙሾ ግጥም በብዛት የሚሄደው በዚህ ልክ ነው። አራት አራት ቀለም ሲሆን ቡሄ በሉ ይባላል፤ ስሙ እንደሚነግረን የልጆች ጨዋታ ልክ ነው። ስምንት ስምንት የሆነው ደግሞ የጸጋዬ ቤት ይባላል፤ «እሳት ወይ አበባ» የተሰኘውን የግጥም መጽሐፍ በ1966 ዓ.ም. ባሳተሙት በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የተጠራ ነው። አክስቴ ከእነዚህ ስሞች አንዱንም አያውቁም። ልኩ ግን በእጃቸው ውስጥ አለ።

ልጄን ያሳሳታት ነገርም እዚያው ተፈታ። «ደብረ ብርሃን» የሚለውን ስም በፊደል ቁጠሪ ብትባል ሰባት አለች። አክስቴ ግን በእንዝርታቸው እያመለከቱ «አፍሽን ስሚው እንጂ ፊደሉን ምን አደረግሽው?» አሏትና ደብ፣ ረ፣ ብር፣ ሃን እያሉ አራት ጊዜ አጨበጨቡላት። ሰባት ፊደል፣ አራት ቀለም። «መንገድ» አራት ፊደል ሆኖ ሳለ ሁለት ቀለም ነው፤ መን፣ ገድ። «ቀየት»ም ሦስት ፊደል፣ ሁለት ቀለም። ምክንያቱም ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ የራሱ አናባቢ ስለማይኖረው ከፊቱ ካለው ድምፅ ጋር ተጣብቆ ይዘጋዋል፤ ስለዚህም ለብቻው አይቆጠርም። «ብጠራት» በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ እንዳለው «ብ» ድምፅ አውጥቶ ሲነገር ግን ይቆጠራል። ይህን የሚለየው ጆሮ ነው፤ ዐይን አይለየውም። ልጄ የወረወረችው ደብተር የጎደለው ይኸው ማጨብጨብ ብቻ ነበር።

ወደ እኔ ተመለሱ። «በልብሽ ያለውን ተናገሪ» አሉኝ። የመጣልኝን አልኩ፤ «እናቴን ብጠራት ነፋሱ ብቻ ነው የመለሰልኝ።»

አክስቴ እንዝርቱን አቆሙ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ነገሩስ ነገር ነው፤ በሬዎችሽ ግን አልተካከሉም» አሉ። ልጄ አጨብጭባ ቆጠረች። የመጀመሪያው ስድስት፣ ሁለተኛው አሥራ አንድ። «ብቻ ነው» የሚለው ምን ይሠራል? ነፋስ ከመለሰ ሌላ የመለሰ አለመኖሩን ሰሚው አያውቅም ወይ? እንዲህ እየጠየቁ ትርፉን ቃል እንደ ገብስ ገለባ አራገፉልኝና «እናቴን ብጠራት ነፋስ መለሰልኝ» የሚለው ቀረ። ስድስትና ስድስት። ከሐሳቡ አንዳች አልጎደለም፤ እንዲያውም በረታ።

ቀጥሎ ቤት መምታት መጣ። እኔ ከላይ ወደ ታች ነበር የማስበው። አክስቴ ግን «ዋናውን ነገር ከታች አስቀምጪ፤ ከዚያ ቤቱን የሚመታ ከላይ ፈልጊ» አሉኝ። የሕዝብ ግጥማችን አሠራር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ በአካባቢ ያለውን፣ ዐይን ያየውን ነገር አንሥቶ ጆሮን ያዘጋጃል፤ ልብ የሚነካው ቃል በሁለተኛው ይመጣል። እንዲያሳዩኝ ብለምናቸው ከደጅ የሚታየውን ማሳ አየት አድርገው ወዲያውኑ እንዲህ አሉ፤

ገብሱ አሸተና ደጋው ላይ አማረ፣
ታናሼን ያየ ሰው ቃል አልተናገረ።

ልጄ «ገብሱ ለምን ገባ?» ብላ ጠየቀች። «ረ ለሚለው ቤት ነው» አሏት አክስቴ፣ እንደ ቀልድ። እኔ ግን እናቴ ስትቀበር ያው ማሳ ገብስ ይዞ እንደነበር አስታወስኩ። ዓመት ዞረ ማለታቸው ነበር። ሰሙ ገብሱ፣ ወርቁ የዞረው ዓመት። ዶናልድ ሌቪን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በመንዝ ሕዝብ መካከል ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙትን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ሁሉ ሳይ የቅኔ ቤት ትውስ አለኝ። የቅኔ ተማሪም እንደዚሁ ነው የሚማረው። በቅድሚያ የዜማውን ልክ በጆሮው ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን በዚያ ልክ ይሞላል። ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። ዜማ አልባ ቅኔ የለም፤ ቅኔ ይዜማል እንጂ አይነበብም። ይህ ትምህርት የወንዶች ሆኖ የቆየ ቢሆንም፣ ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም የቅኔ መምህርት ሆነው ተማሪዎችን አፍርተዋል። አክስቴ ቅኔ ቤት አልገቡም። የገቡት ወፍጮ ቤት ነው።

«እናቴ ያስተማረችኝ ስንፈጭ ነው» አሉኝ። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ አንድ ሐረግ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ሐረግ። ልኩን የሚጠብቀው ክንድ ነበር፤ ቃል ከበዛ መጁ ይቀድማል፣ ካነሰ ባዶ ይሄዳል። እኔም የድሮውን ዘመን ማሞገስ ቃጥቶኝ «አይ የድሮ ጊዜ!» ብል አክስቴ ተቆጡ። «ምን ነካሽ ልጄ? ያ ድንጋይ ወገቤን የቆረጠ ድንጋይ ነው። ወፍጮው ሲመጣ እልል ብዬ ነው የተቀበልኩት። ዘፈኑ ከድንጋዩ ጋር ይሂድ ያለው ግን ማነው?» አሉ። አሁን በመንደሩ ያሉት ልጃገረዶች የሚያንጎራጉሩት በስልክ የሰሙትን ዘፈን ነው። ዘፈኑ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ሰው ለሌላ ሰው ያለው ነው። ለገዛ እናቷ፣ ለገዛ ልጇ የራሷን ስንኝ የምታወጣ ቁጥሯ እያነሰ ሄደ። ከእነዚህም አንዷ እኔው ነኝ።

ስልኬን አውጥቼ የእሳቸውን ድምፅ ልቅዳ ስል አልከለከሉኝም። «ቅጂው፤ ይይዝልሻል። ነገር ግን ቀኑ ሲደርስ ስለ አንቺ አይናገርልሽም» ብቻ አሉ።

ምሽት ላይ ዜማው ራሱ ትምህርት ሆነ። ልጄ ብርድ ብርድ ስላላት ከእሳቱ ተጠግታ፣ በአራት አራት ቀለም፣ በራሷ ጣት እየቆጠረች ይህን አወጣች፤

ነይ ወደኛ ፀሐያችን፣
ገብቷል ብርዱ ከቤታችን።

በደስታ እልል አልንላት። ቀጥላ ለአሻንጉሊቷ «ልጄ ይበላል» የሚል እሹሩሩ ልታዜም ስትሞክር ግን ዜማው «በ» ላይ ጫን ስላለባት ቃሉ ጠብቆ ወጣ። አክስቴ «ኧረ ልጅሽን ጅብ አስበላሽው!» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ዋና ቁም ነገር አለው። በአማርኛ ሲላላ «ይበላል» የሚበላው ልጁ ነው፤ ሲጠብቅ ግን ልጁ ራሱ ተበላ ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዜማ የሚያወጣ ሰው ይህን በጆሮው መጠበቅ አለበት። የዜማው ከባድ ምት የላላውን ፊደል ካጠበቀው ትርጉም ይገለበጣል። ቃሉ ለዜማው አንዲት ቀለም ቢያንሰው ደግሞ «ወይ»፣ «ኧረ»፣ «እኮ» የሚሉት ገብተው ይሞሉለታል፤ ወይም አንዱ ቀለም ይጎተታል። ቢበዛ ግን መፍትሔው ቃሉን መቀነስ ነው። ዜማን ከቃል አብዝቶ ማስጨነቅ አይገባም።

ከጎረቤት ክራር ይዞ የመጣ አንድ ወጣት የአክስቴን ዜማ ሰምቶ አውታሮቹን እያጠበቀና እያላላ ካስተካከለ በኋላ «ትዝታ ነው» አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በመባል ከሚታወቁት አራት ቅኝቶች አንዱ ነው ማለቱ ነበር። የክራር ስም ሲነሣ፣ በ2004 ዓ.ም. ያረፉት አስናቀች ወርቁ ትዝ ይሉኛል። ሴት ልጅ ክራር ይዛ በአደባባይ መቀመጧ እንደ ነውር ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ያንን ክራር ይዘው ለተከታዮቻቸው መንገድ ከጠረጉት አንዷ ናቸው። አክስቴ ግን ስለ ቅኝቱ ስም ብዙም አልተጨነቁም። «ትዝታ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፤ እኅቴን አይደል የማስታውሰው?» አሉት።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ሌሊት ሴቶቹ በጓዳ ተሰብስበው ድፎ ሲደፉ፣ ጠላ ሲቀዱ አመሹ። ካህናቱ ሙሾ እንዳይበዛ፣ ለሟች ጸሎትና ምጽዋት እንደሚሻል ስለሚመክሩ የተነሣ ጩኸት አልነበረም። ሥራው ጋብ ሲል አክስቴ ዝግ ባለ ድምፅ ያንኑ ዜማ ጀመሩ። የገብሱን ግጥም አሉ። ሌሎቹ ተቀበሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር አሉ፤ ምንም አልጠየቁኝም። ዜማውን ብቻ አፋቸውን ዘግተው ቀጠሉልኝ። ቀንበሩን ይዘው ቆመውልኝ ነበር። እኔም በሚንቀጠቀጥ ድምፅ እንዲህ አልኩ፤

ከደጇ ብቆምም ማን በር ከፈተልኝ፣
እናቴን ብጠራት ነፋስ መለሰልኝ።

ድምፄ «ከፈተልኝ» ላይ ተሰበረ፤ ዜማውንም ሳትኩ። ሴቶቹ ግን ሁለተኛውን ስንኝ ከአፌ ተቀብለው ደገሙት፤ እንደገናም ደገሙት። ዓመት ሙሉ ብቻዬን የተሸከምኩት ነገር በሰባት ስምንት ሰው አፍ ሲዞር ክብደቱ ቀለለ። የግጥም ልክ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ኀዘን ልክ የለውም። ስንኙ ግን ስድስትና ስድስት ስለሆነ ሌላው ሰው ሊያነሣልን ይችላል። ልክ የሌለውን ነገር ማንም ሊያግዘን አይችልም።

ልጄ ከጥግ ሆና በጉልበቷ ላይ ስትመታ አየኋት። እየቆጠረች ነበር።

እኅቶች፣ በከተማ የምንኖር እናቶች ጊዜ እንደሌለን የታወቀ ነው። ከሥራ ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ማድቤት ነው ኑሯችን። ይሁን እንጂ አክስቴ ያስተማሩን ነገር የተለየ ሰዓት አይጠይቅም። ሽንኩርት ሲላጥ፣ ዕቃ ሲታጠብ፣ ልብስ ሲሰጣ ሊደረግ ይችላል። እኛ ቤት ከተመለስን ወዲህ የምናደርገው ይህን ነው፤ በመጀመሪያ ዜማውን ያለ ቃል እናንጎራጉራለን። ከዚያ ልጄ የሰዎችንና የሰፈሮችን ስም በማጨብጨብ ትቆጥራለች፤ በፊደል ሳይሆን በድምፅ። ሲለመድ በአራት አራት ቀለም እንጀምራለን፤ ወደ ስድስት የምናልፈው ቀስ ብለን ነው። ዋናውን ሐሳብ አስቀድመን ከሁለተኛው ስንኝ እናኖራለን፤ ቤት የሚመታውን ከመስኮት ከሚታየው ነገር እንፈልጋለን። የላላው ጠብቆ፣ የጠበቀው ላልቶ እንዳይዜም እርስ በርሳችን እንተራረማለን። ከሁሉም በላይ፣ ልጅ ያወጣችው ስንኝ ቢያጋድል አንስቅባትም፤ ብንስቅም አብረናት ነው።

የአሥር ዓመት ልጅ ይህን የምትማረው ለኀዘን ቀን ብቻ አይደለም። ለሰርግም፣ ለእሹሩሩም፣ ለእንቁጣጣሽም ያገለግላታል። በእርግጥ አንድ ቀን እሷም በእኔ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ «ልጇስ ምን ትላለች?» ተብላ ስትጠየቅ እንደ እኔ ዝም እንዳትል እፈልጋለሁ።

ከቀየት ስንነሣ አክስቴ ያቺኑ የፈተሏትን ፀጉር ጠቅልለው ለልጄ ሰጧት። «ምን ልሥራበት እማማ?» ስትላቸው «እንዝርት ባይኖርሽም በጣትሽ እያሾርሽ አንጎራጉሪበት» አሏት። መኪናው ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ድረስ ልጄ ፀጉሩን በጣቷ ታሾረው ነበር። ከተማው ሲታይም ቀስ ብላ አራት ጊዜ አጨበጨበች፤ ደብ፣ ረ፣ ብር፣ ሃን።